«ብርድ ነው» እያልን ስለምንሸከመው የትከሻ ሕመም

(በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከእድር ወርኃዊ ስብሰባ በኋላ ለአባላት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ! ሰብሳቢያችን የወሩን መዋጮና የድንኳኑን ጉዳይ ከቋጩ በኋላ ይህን ሰዓት ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ንግግሬን «ትከሻውን የሚያመው ሰው እጁን ያውጣ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ሆኖም ትከሻውን ከልቡ የሚያመው ሰው እጁን ማውጣት እንደሚያቅተው ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ስለዚህ በሌላ መንገድ ልጠይቅ። ጋቢውን ወደ ትከሻው ጣል ሲያደርግ «እህ!» የሚል ማን ነው? ሌሊት በአንድ ጎኑ ሲተኛ ሕመም የሚቀሰቅሰው ማን ነው? ወዳጁ ትከሻ ለትከሻ ሊሳለመው ሲቀርብ ፈጠን ብሎ ደኅነኛውን ትከሻ የሚሰጥስ ማን ነው? ከሳቃችሁ እንደምረዳው፣ የመጣሁት ከሚመለከታቸው ሰዎች ዘንድ ነው።

እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ውስጥ ነው፤ ሥራዬ ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ዛሬ የምናገረው ቡርሳይተስ ስለሚባለው የትከሻ ሕመም ሲሆን፣ በመጀመሪያ ምንነቱን፣ ቀጥሎ መነሻውን፣ ከዚያም ሕክምናውን፣ በመጨረሻም መከላከያውን አነሳለሁ። ሕክምናው ላይ ረዘም ብዬ እንደምቆይ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሰው የሚጎዳው ከበሽታው ይልቅ በሕክምናው ስሕተት ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሣ። የክንዳችን አጥንት የላይኛው ጫፍ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን ጥልቀት የለውም። ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ማስቀመጥ ቁጠሩት። ትከሻችን ከመገጣጠሚያዎቻችን ሁሉ ይልቅ በየአቅጣጫው የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስክስታውም፣ ውርወራውም፣ ሸክሙም የሚቻለው በዚህ ነው። ታዲያ ብርቱካኑ ከማስቀመጫው እንዳይንከባለል አራት ጡንቻዎች በጅማቶቻቸው ዙሪያውን ይይዙታል። ከእነዚህ ጅማቶች በላይ ደግሞ የትከሻ ጣራ ልንለው የምንችለው አጥንት አለ፤ በጣታችሁ የትከሻችሁን ጫፍ ብትነኩ ታገኙታላችሁ። በጣራውና በጅማቱ መካከል ቡርሳ የሚባል ስስ ከረጢት ተነጥፏል። በፌስታል ውስጥ ጥቂት የዘይት ጠብታ አድርጋችሁ በሁለት መዳፎቻችሁ መካከል ብታንሸራትቱት መዳፎቻችሁ ሳይፋተጉ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ የቡርሳም ሥራ ይኸው ነው። በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ ያሉ ከረጢቶች ወደ 150 የሚጠጉ ሲሆን፣ የትከሻው ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ትልቅ ነው ስል ግን ስፋቱን ነው፤ በጤናው ጊዜ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይህ ከረጢት ሲቆጣ ግድግዳው ይወፍራል፣ ፈሳሽም ይሞላል። ቀድሞውንም ጠባብ በሆነው ቦታ ውስጥ ያበጠ ነገር ሲገባ፣ ክንድ በተነሣ ቁጥር ይጨመቃል። ሕመምተኛውን «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የትከሻውን ጫፍ አይጠቁመኝም፤ የላይኛውን ክንዱን ጎን በመዳፉ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ክንዱን ወደ ጎን ሲያነሣ መጀመሪያው ደኅና ነው፤ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መካከል ይወጋዋል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ቀለል ይለዋል። ሌሊቱ ከቀኑ ይከፋል።

ነገር ግን፣ ወገኖቼ፣ ትከሻን የሚያም ሁሉ ቡርሳይተስ አይደለም! ሌላ ሰው ክንዳችሁን ይዞ ቀስ አድርጎ ሲያነሣውም እንደ ተቆለፈ በር አልንቀሳቀስ ካለ፣ ያ የደረቀ ትከሻ የምንለው ሌላ ሕመም ነው፤ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች፣ ይልቁንም በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ላይ ይበዛል። ከወደቃችሁ በኋላ ክንዳችሁ ጉልበት አጥቶ ከወረደ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ከክርን አልፎ ጣቶችን የሚያደነዝዝ ከሆነ መነሻው ምናልባት አንገት ነው። ትኩሳት ካለ፣ ትከሻው ቀልቶና ግሎ ካበጠ ከረጢቱ መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር በድንገት ከመጣ ደግሞ የልብ ጉዳይ ሊሆን ይችላልና እኔን አትፈልጉኝ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ፤ ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ ለማንም ብጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ብርድ ነው!» አይፈረድብንም። ከተማችን ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ የለም። ነገር ግን እስቲ አብረን እናስብ። ብርድ ቢሆን ኖሮ ስለምን አንዱን ትከሻ ብቻ መርጦ ይመታል? ብርድ ቢሆን ኖሮ ከሸዋ ሮቢት በኩል ያለው የቆላ ሰው ስለምን በዚያው ሕመም ይመጣል? ብርድ ጡንቻን ያኮማትራል፣ ያለውንም ሕመም ያብሰዋል፤ ይህን አልክድም። ከረጢቱን የሚያስቆጣው ግን በአብዛኛው እጃችንን ከትከሻችን በላይ አንሥተን ደጋግመን የምንሠራው ሥራ ነው።

የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ፈታይ ነበረች። እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሽታ ስታሽከረክረው፣ ባዘቶውን የያዘው ግራ እጇ ክሩን እየሳበ ወደ ላይ፣ ከራሷም በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ይወርድና ክሩ ይጠቀለላል፤ እንደገና ይወጣል። ከእህል ስብሰባ በኋላ ባሉት ወራት፣ ከጠዋት የቤት ሥራዋ እስከ ማታ፣ ይህን ስንት ሺህ ጊዜ እንዳደረገችው እግዚአብሔር ይወቀው። የግራ ትከሻዋ መታመም ሲጀምር ሁላችንም «ብርድ ነው» አልን። በርበሬ በተቀቀለበት ቅባት ታሸች፤ አልሆነም። በመጨረሻ ትከሻዋ በእሳት ተተኮሰ፤ ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞቷ ከትከሻዋ ላይ አልጠፋም። ነጠላዋን ወደ ኋላ ስትጥል ፊቷን አዙራ ስታቃስት እሰማ ነበር። እኔ ደግሞ ኮሌጅ ገብቼ የትከሻን አሠራር እስክማር ድረስ ያን እጅና ያን እንዝርት አገናኝቼ አላየሁም። ዓይኔ ሥር የኖረ ነገር ነው! እናንተስ ዓይናችሁ ሥር ያለውን አይታችኋል?

እስቲ እንቁጠር። በመንሽ እህል ወደ ላይ የሚበትን አውድማ ላይ ያለ ገበሬ፣ በማሽላ ማማ ላይ ቆሞ ለግሪሳ ወፍ ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ የሚያሽከረክር ወጣት፣ ስድስት ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር፣ ሹሩባ የምትሠራ እህት፣ ኮርኒስ የሚመታ አናጢ፣ ከፍ ካለ መደርደሪያ ዕቃ የሚያወርድ ባለ ሱቅ። ከሥራ ሌላ በትከሻ ላይ መውደቅም ያመጣዋል፤ ሪህና ሌሎች የመገጣጠሚያ በሽታዎችም እንዲሁ። ዕድሜም አለበት፤ ከ40 ዓመት በኋላ ጅማቶቻችን እየሳሱ ስለሚሄዱ ትናንት የቻልነው ሥራ ዛሬ ሊያስቆጣን ይችላል።

አሁን ወደ ሕክምናው መጣሁ። በዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን ከቤተሰቤ ልናዘዝ፤ አንደኛው የአጎቴ ነው፣ ሁለተኛው የራሴ።

አጎቴ በአንድ የመከር ወቅት ትከሻቸውን አመማቸው። ጎረቤት «ዕረፍት ስጠው» አላቸው፤ እርሳቸውም ነገርን እስከ ጥጉ የሚወስዱ ሰው ነበሩና ክንዳቸውን በነጠላ አስረው በአንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ከኅዳር እስከ ጥር አልፈቱትም። ጥር ላይ ሴት ልጃቸው ስትዳር ነጠላውን ፈቱት፤ ሕመሙ ቀንሷል፣ ትከሻው ግን ደርቋል። በመንደሩ በእስክስታ የሚታወቁት ሰው በገዛ ልጃቸው ሠርግ ላይ በአንገታቸው ብቻ ሲወዘወዙ አየኋቸው። ያን ትከሻ ለማላላት ከዓመት በላይ ፈጀ። ዕረፍት ማለት ማሰር ማለት አይደለም! ዕረፍት ማለት የሚያስቆጣውን ሥራ፣ በተለይም ከትከሻ በላይ ያለውን፣ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት መተው ነው፤ ክንዱ ግን ሕመም በማያባብስ መጠን በየቀኑ መንቀሳቀስ አለበት።

የእኔ ስሕተት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለልጄ ክርስትና ቤቴን ላሳምር ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ኮርኒስ ቀለም ቀባሁ። በመጀመሪያው ቀን ማታ ትከሻዬ ነገረኝ፤ አልሰማሁትም። ለሕመምተኞቼ «አቁሙ» የምል ሰው ራሴ አላቆምኩም። በሁለተኛው ሌሊት በዚያ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። በማግስቱ የሕመም ማስታገሻ ዋጥኩ፤ ጊዜው የዐቢይ ጾም ስለነበረ በባዶ ሆዴ ዋጥኩት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ምንም አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ትከሻዬን ረስቼ ጨጓራዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ስለ መድኃኒቱ በጥንቃቄ ልናገር። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመሙንም መቆጣቱንም ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ከምግብ በኋላ፣ ባነሰ መጠንና ለአጭር ጊዜ የሚወሰዱ ናቸው። ጾመኛ ከሆናችሁ ከምግብ ሰዓታችሁ ጋር አስማሙት፤ ካልተስማማ የመድኃኒት ባለሙያውን አማክሩ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ድካም ያለባችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡር እናቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኳቸው። ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ፓራሲታሞል ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ ሕመምን ያስታግሳል እንጂ መቆጣትን አይቀንስም፤ እርሱም ቢሆን ከታዘዘው መጠን ማለፍ የለበትም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ለ15 ደቂቃ ያህል በቀን ጥቂት ጊዜ ማድረግ ያስታግሳል። ይህን ስናገር አንዲት እናት «ልጄ፣ ብርድ ያመጣውን በብርድ ልታክመኝ ነው?» ብለው ተቆጥተውኛል። በረዶ መፈለግ አያስፈልጋችሁም፤ የደብረ ብርሃን የጠዋት የቧንቧ ውኃ ፎጣ ከነከራችሁበት ይበቃል። ቅዝቃዜው ግን በሽታውን አይነቅለውም፤ ማስታገሻ ብቻ ነው። ከቀናት በኋላ ሙቀት የሚስማማው ሰው በሞቀ ፎጣ ቢይዘው አልቃወምም፤ እኒያ እናትም በዚሁ ታርቀውኛል።

ስለ ማሸትም እጠየቃለሁ። የአንገትንና የጀርባን ጡንቻ ለስለስ አድርጎ ማሸት አይጎዳም፤ የተቆጣውን ቦታ በአውራ ጣት መደፍጠጥ ግን የበለጠ ማስቆጣት ነው። መተኮስና ሌላ ሰው በተነካበት ምላጭ ዋግምት ማድረግ ግን ይቅር! ከረጢቱ ከቆዳ፣ ከስብና ከወፍራም ጡንቻ ሥር ነው ያለው፤ እሳቱ እዚያ አይደርስም፤ ቁስሉ ግን ለመግል በር ይከፍታል፣ ምላጩም የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል።

ስለ መርፌው ልናገር። ኮርቲዞን የሚባለው መርፌ በትክክለኛው ቦታ ሲሰጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለጥቂት ወራት እፎይ ያሰኛል። ሌሊት እንቅልፍ ላጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያ እፎይታ ውስጥ እንቅስቃሴውን መጀመር ይችላልና። ነገር ግን መርፌ ተወግቶ፣ ሕመሙ ሲጠፋ በማግስቱ ወደ ድጅኖው የሚመለስ ሰው ምን አተረፈ? አንድ ሰው በአምስት ወር ውስጥ በአንዱ ትከሻው ላይ አምስት ጊዜ ተወግቶ መጥቶ አይቻለሁ፤ የት እንደ ተወጋ አልናገርም። ደጋግሞ መውጋት ጅማትን ሊያሳሳ ስለሚችል በአንድ ቦታ በዓመት ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ በላይ እንዳይሆን ይመከራል። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ መርፌው ለተወሰኑ ቀናት ስኳራችሁን ከፍ እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ እወቁ።

ቀዶ ሕክምናስ? በዚህ ላይ የሚያስገርም ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ኒር የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም የትከሻው ጣራ ጅማቱን እየፈተገ ነው የሚል ማብራሪያ አቀረበ፤ ጣራውን ከሥሩ መላጥ በዓለም ዙሪያ ተለመደ። ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በእንግሊዝ አገር 313 ሰዎችን የያዘ ጥናት ተደረገ፤ ከፊሎቹ አጥንታቸው ተላጠ፣ ከፊሎቹ መሣሪያው ገብቶ ከታየ በኋላ አጥንቱ ሳይነካ ወጣ፣ ከፊሎቹም ምንም ሳይደረግላቸው ተጠበቁ። በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት አጥንታቸው በተላጠላቸውና ባልተላጠላቸው መካከል የሚቆጠር ልዩነት አልተገኘም። የፊንላንድ ሐኪሞችም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር አሳተሙ። ስለዚህ ማንም ሰው ለዚህ ሕመም ብሎ በሬውን ሸጦ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ እንዳይወርድ፤ ቢላ የሚያስፈልገው ጅማት ለተበጠሰበትና እንደዚህ ላለ የተለየ ጉዳይ ነው።

ይልቁንም ለእኛ፣ መንገድ ለራቀን ሰዎች፣ ደስ የሚያሰኘው በ2021 በእንግሊዝ የታተመ ሌላ ጥናት ነው። 708 የትከሻ ጅማት ሕመምተኞች ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ እስከ ስድስት ጊዜ እየተመላለሱ በባለሙያ ፊት እንቅስቃሴ ሠሩ፣ ገሚሶቹ ግን አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ተመክረውና ተምረው ቤታቸው ገቡ። ከዓመት በኋላ ሲታይ የተመላለሱት ካልተመላለሱት አልበለጡም። አያችሁ? እኔ እንጀራዬን የሚያሳጣኝን ነገር ነው የምነግራችሁ! ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ በየሳምንቱ መመላለስ ለማይችል ሰው፣ አንድ ጊዜ በትክክል ተምሮ ቤቱ መሥራት ይበቃዋል ማለት ነው። መሥራቱ ግን የግድ ነው።

ታዲያ ምን እንሥራ? በመጀመሪያ፣ ጎንበስ ብላችሁ ደኅነኛውን እጅ በወንበር ላይ አስደግፉ፤ የታመመውን ክንድ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጽና ቁልቁል ልቀቁትና በሰውነታችሁ መወዛወዝ ወዲያና ወዲህ፣ ከዚያም በክብ ይዙር። ካህኑ ጽናውን የሚያወዛውዙት በኃይል አይደለም፤ እናንተም እንደዚያው። ሁለተኛ፣ በግድግዳ ፊት ቆማችሁ በጣቶቻችሁ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ውጡ፤ ሕመሙ «በቃ» ባለበት ቁሙና ውረዱ፤ የደረሳችሁበትን በከሰል ምልክት ብታደርጉ በየሳምንቱ ስትበልጡት ታያላችሁ። ሦስተኛ፣ ሁለቱን የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ኋላ አቀራርባችሁ ለአምስት ቆጠራ ያዙ። ሕመሙ ሲበርድ ደግሞ ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቆርጣችሁ በበር እጀታ እሰሩት፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ ሳትለዩ ወደ ውጭ ሳቡት። እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። በመሥራት ላይ ሳላችሁ ጥቂት ቢሰማችሁ አትደንግጡ፤ በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ ግን አብዝታችኋልና ቀንሱ። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ታገሡ። በሁለት ሳምንት ካልተሻለኝ ብላችሁ አትተዉት።

መከላከሉን አሳጥሬ ልናገር፤ ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን አይተዋል። ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው እጅ ከትከሻ በላይ የሚቆይበትን ጊዜ በመቀነስ ላይ ነው። እጃችሁን ከማንሣት ራሳችሁን አንሡ፤ በርጩማ ላይ ቁሙ። በየቀኑ የምታነሡትን ዕቃ ከደረት ከፍታ በታች አስቀምጡ። መምህራን፣ የሰሌዳውን የላይኛውን ጫፍ ተዉት። በማማ ላይ ያላችሁ ወንጭፉን በየተራ አድርጉት። ጀሪካን ለሁለት እጅ ይከፈል፤ ከሰውነት ሳይርቅም ይያዝ። ፈታዮች፣ ክሩን አጠር አድርጋችሁ ሳቡ፣ ቶሎ ቶሎም ጠቅልሉ፤ ይህን ለእናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ብነግራት «ክር በአጭሩ ተስቦ ምን ሊሆን!» ብላ ስቃብኛለች፤ እናንተ ግን ብትስቁም ሞክሩት። ስትተኙ በደኅነኛው ጎናችሁ ተኝታችሁ የታመመውን ክንድ በትራስ ላይ አሳርፉት። የከረመ ሥራ ስትጀምሩ፣ ይልቁንም በመከር መግቢያ፣ የመጀመሪያውን ቀን በግማሽ ጉልበት ዋሉ።

የነገርኳችሁን አድርጋችሁ በስድስት ሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ ካላያችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና ይመርምሯችሁ፤ ስኳራችሁንም አስለኩ።

አሁን ሁላችሁም እንድትነሡ እለምናለሁ። ወንበሮቹን ጥቂት አራርቋቸው። ጎንበስ በሉ፤ አንድ እጃችሁን በወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ ሌላውን ልቀቁት። አይ፣ አባቴ፣ እርስዎ በጉልበትዎ እየወዘወዙት ነው፤ ክንድዎ ይተኛ፣ ወገብዎ ይሥራ። እንዲህ! ጥያቄ ያለው ደግሞ የማያመውን እጁን ያውጣ።